ቱርቦ የተገጠመለት ሞተር የነዳጅ ፓምፑን ምን ያህል ይጠይቃል? ከባሕር ወለል እስከ ደሴ ከፍታ

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ሆኖም ሙቀቱ እኩል ነው ብንል እንኳ ሞተር ኮምቦልቻ ላይ የሚስበው አየር ደሴ ሲደርስ በክብደት ከ7 እስከ 8 በመቶ ይቀንስበታል። ንጽጽሩ ከጅቡቲ ወደብ ጋር ከሆነ ቅነሳው ከሩብ በላይ ነው፤ በባሕር ጠረፍ 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው የአየር ግፊት ደሴ ላይ ወደ 75 ይወርዳልና። ከሐይቅ ወደ ቢስቲማ ሰውና እህል የጫነ ሎንግ ቤዝ ላንድክሩዘር ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ እየለቀቀ ሲያቃስት የሚታየው፣ ብዙውን ጊዜ ነዳጅ አንሶት ሳይሆን አየር አንሶት ነው።

መፍትሔው ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ በጭስ ኃይል የሚሽከረከር የአየር መጭመቂያ፣ ማለትም ቱርቦ፣ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነበር። ከፍታ በሞተር ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በግልጽ ያሳየው ግን እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ በኮሎራዶ ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ ያካሄደው ሙከራ ነው። በባሕር ወለል 350 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው የሊበርቲ አውሮፕላን ሞተር በ4,300 ሜትር ከፍታ ላይ 230 ብቻ ሰጠ፤ ቱርቦ ሲገጠምለት ግን 356 ደረሰ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው፣ ቱርቦው ሞተሩን ከቀድሞው የበለጠ ጉልበተኛ አላደረገውም ማለት ይቻላል፤ ከፍታው የወሰደበትን መለሰለት እንጂ።

ቱርቦ (ወይም በቺንጋ ከሞተሩ ኃይል እየተቀበለ የሚሠራው ሱፐርቻርጀር) ሲገጠም ወዲያው የሚነሣው ጥያቄ የነዳጅ ፓምፕ ነው። በዚህ ረገድ የቤንዚንና የናፍጣ ሞተሮች ጠባይ ተቃራኒ በመሆኑ፣ የአንዱን ምክር ለሌላው መውሰድ ሞተር ያስበላል።

በቤንዚን ሞተር አደጋው የነዳጅ ማነስ ነው። ለ1 ኪሎ ግራም ቤንዚን 14.7 ኪሎ ግራም አየር ይበቃል፤ በግፊት የሚሠራ ሞተር ደግሞ ለማቀዝቀዣ ጭምር ከዚህ የበለጠ ነዳጅ ይፈልጋል። አየሩ ጨምሮ ነዳጁ ካልተከተለው ቅይጡ ይሳሳል፣ በራሱ ይፈነዳል፣ ፒስቶኑንም ይበሳዋል። ፓምፑ ሁለት ጊዜ ይጨነቃል፦ ብዙ ነዳጅ እንዲያደርስ ይጠየቃል፤ በዚያው ላይ በመደበኛው 3 ባር ፈንታ የቱርቦውን 0.6 ባር ጨምሮ በ3.6 ባር መግፋት አለበት። የኤሌክትሪክ ፓምፕ ደግሞ የሚገፋው ግፊት ሲጨምር የሚያመነጨው መጠን ይቀንሳል። 200 የፈረስ ጉልበት ለታቀደለት ሞተር፣ ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.27 ኪሎ ግራም ብንይዝ 54 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 73 ሊትር ገደማ በሰዓት ያስፈልጋል፤ 20 በመቶ መጠባበቂያ ሲታከልበት 88 ሊትር። ይህ መጠን መለካት ያለበት በ3.6 ባር ላይ እንጂ በካርቶኑ ላይ በተጻፈው ነጻ ፍሰት አይደለም። ወደ ፓምፑ የሚሄደው ሽቦ ቀጭን ከሆነም አዲሱ ፓምፕ ከአሮጌው የማይሻልበት ጊዜ አለ።

በአካባቢያችን ዋናው ጉዳይ ግን ናፍጣ ነው። በናፍጣ ሞተር ነዳጅ ማነስ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ሞተር አይገድልም፤ የሚገድለው የነዳጅ መብዛት ነው። ትርፉ ናፍጣ ዘግይቶ እየነደደ የጭሱን ሙቀት ያንራል፤ ቴስታታ ይሰነጠቃል፣ ፒስቶን ይቀልጣል፣ የቱርቦው ተርባይንም ይጎዳል።

ለምሳሌ 1 ኤችዜድ የተባለውን የቶዮታ ሞተር እንውሰድ። ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ከፋብሪካው ያለ ቱርቦ የሚወጣ፣ እመቃው 22 ለ1 ገደማ የሆነ ሞተር ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ሲዞር 9,000 ጊዜ ነዳጅ ይረጫል። የአየር አሞላሉን 85 በመቶ፣ ጭስ የማይፈጥረውን የአየርና የነዳጅ ምጣኔ 20 ለ1 አድርገን ብናሰላ፣ በ35 ዲግሪ ሙቀት በባሕር ጠረፍ በአንድ ርጭት 40 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ገደማ ናፍጣ መጠቀም ይችላል። ደሴ ላይ በ20 ዲግሪ የሚችለው 31 ብቻ ነው። ለጠረፍ የተስተካከለ ፓምፕ ሳይለወጥ ደሴ ሲወጣ ዘጠኙ ትርፍ ወደ ጭስ ይሄዳል። በአንዳንድ ፓምፖች ላይ ያለው የከፍታ ማካካሻ፣ ማለትም የውጭው ግፊት ሲቀንስ የሚያብጥ የታሸገ የብረት ፊኛ፣ የተሠራው ይህን ትርፍ ለመቁረጥ ነው።

አሁን 0.6 ባር የሚገፋ ቱርቦ ያለ አየር ማቀዝቀዣ እንግጠም። መጭመቁ ራሱ አየሩን ከ100 ዲግሪ በላይ ስለሚያሞቀው ጥቅሙ በከፊል ይባክናል፤ ቢሆንም ደሴ ላይ በአንድ ርጭት 44 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ማቃጠል ይቻላል። ይህም በጠረፍ ያለ ቱርቦ ከነበረው 40 የሚበልጠው በ10 በመቶ ብቻ ነው። እንግዲህ በደጋ ለሚሠራ መጠነኛ ቱርቦ ትልቅ ፓምፕ መግዛት አያስፈልግም፤ በፓምፑ ጀርባ ያለውን የሙሉ ጭነት ብሎን በጥቂቱ ማስተካከል ይበቃል። ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት ለውጥ በስሌት ሲታይ ይህን ያህል ትንሽ መሆኑ እኛንም አስገርሞናል።

ችግሩ የሚጀምረው መኪናው ቆላ ወርዶ ሲመለስ ነው። በጠረፍ ሙቀት ያው 0.6 ባር 53 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ማቃጠል ያስችላል። ሚሌ አካባቢ ጉልበት ፍለጋ ፓምፑን ወደዚህ መጠን የከፈተ ባለመኪና ደሴ ሲደርስ 20 በመቶ ትርፍ ናፍጣ ይረጫል፤ ምጣኔው ከ20 ለ1 ወደ 16.6 ለ1 ይወርዳል። በቱርቦ ፓምፖች ላይ የሚታከለው የግፊት ማካካሻ ይህን አያርምም። ማካካሻው በአንድ ወገኑ የቱርቦ ግፊት፣ በሌላው ወገኑ የውጭ አየር የሚነካው ስስ ሽፋን ነው፤ የሚለካው የሁለቱን ልዩነት ነው። ልዩነቱ ጅቡቲም ደሴም 0.6 ባር ስለሆነ ፓምፑ ያለበትን ከፍታ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ቆላና ደጋ የሚመላለስ መኪና ፓምፑ መስተካከል ያለበት መንገዱ በሚያልፍበት ከፍተኛ ቦታ መጠን ነው፤ ቆላ ላይ የሚቀረው ጉልበት ይቅር።

ከመጠኑ በፊት የፓምፑ ጤንነት ይጠየቃል። እንዲህ ባለው ተሽከርካሪ ፓምፕ የውስጡ ግፊት ነዳጁን ብቻ ሳይሆን የርጭቱን ሰዓትም ይወስናል። የውስጡ ክንፍ ሲያልቅ ወይም ፊልትሮው ሲደፈን ግፊቱ ይወርዳል፣ ርጭቱ ይዘገያል፣ ጭሱ ይግላል፤ ብሎን ሳይነካ ማለት ነው። ያረጀ ፓምፕ ላይ ብሎን መክፈት ሁለቱን ጥፋቶች መደራረብ ነው፣ በየጋራዡ ግን የተለመደ ነው። ከተርባይኑ በፊት የሚተከል የጭስ ቴርሞሜትር ረጅም ዳገት ላይ ከ700 ዲግሪ ገደማ ካለፈ እግርን ከነዳጅ ማንሣት፣ ከዚያም ፓምፑን መቀነስ ያስፈልጋል።

ፓምፑን ወደ መሞከሪያ ማሽን የሚወስድ ሰው ለባለሙያው ሁለት ቁጥሮች ይንገረው። ፓምፑ በሞተሩ ፍጥነት ግማሽ ስለሚዞር ሙከራው በደቂቃ በ1,500 ዙር ይሁን። ማካካሻው 0.6 ባር አየር ሲሰጠው ስድስቱም መውጫዎች በ1,000 ርጭት 44 ሚሊ ሊትር፣ አየሩ ሲቋረጥ ደግሞ 31 ሚሊ ሊትር እንዲሰጡ ይስተካከላል። ሁለተኛው ቁጥር ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ የቱርቦው ቱቦ ዳገት መሐል ቢላቀቅ ሞተሩን የሚጠብቀው ግን እሱ ነው።