ሕፃኑ ሲተኛ የማትተኛ እናት

የፈተና ሰሞን እንቅልፍ ማጣት ምን እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። የኛ ሌሊት ግን ፈተናው ባለቀ ማግሥት ያበቃል፤ ለነፍሰ ጡርና ለአራስ የሚያበቃበትን ቀን የሚነግራት የለም። እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ እንጂ የሕክምና ተማሪ አይደለሁም፤ ብዕር ያነሣሁት በ2015 ዓ.ም. እኅቴ በወለደች ጊዜ በቤታችን ባየሁት ነገር ነው።

ነፍሰ ጡር እንቅልፍ የምታጣበት ምክንያት ብዙ ነው። ማሕፀን ፊኛን ስለሚጫን በሌሊት ደጋግማ ትነሣለች፤ ቃር ያስቸግራታል፤ በደሟ ውስጥ የብረት ማዕድን ያነሰ እንደሆነም እግሯ አላርፍ ይላታል። ቡናም አለ። እርግዝናው ሲገፋ የቡናው ማነቃቂያ ከሰውነት የሚወጣው ከወትሮው እጅግ ዘግይቶ ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ የተጠጣው ስኒ እስከ እኩለ ሌሊት ይከተላታል። (“በረካውን ሳትጠጪ አትነሺም” የሚሉ እናቶች ይህን ቢያውቁ መልካም ነበር።)

ከወሊድ በኋላ ደግሞ በእርግዝና ጊዜ በዝተው የነበሩት ሆርሞኖች በጥቂት ቀኖች ውስጥ በብርቱ ይወርዳሉ። በዚያ ላይ ጨቅላ ሕፃን ሌሊትና ቀን አይለይም፤ በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ ይጠባል። ስለዚህ አራስ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ያለምክንያት ብታለቅስ አያስደንቅም፤ ብዙዎቹ እናቶች ይደርስባቸዋል፤ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስም ይለቃቸዋል።

የእኅቴ ግን አልለቀቃትም። ሕፃኑ ጠግቦ ይተኛል፤ እሷ እጇን አፍንጫው ሥር አድርጋ ትንፋሹን ትቆጥራለች። እናታችን “ተኚ እንጂ ልጄ፣ እኔ እጠብቀዋለሁ” ሲሏት፣ “እሺ እማዬ” ትልና ዓይኗን ጨፍና ነቅታ ታድራለች። አንዲት ጎረቤት ብቻዋን ተትታ ክፉ ነገር አግኝቷት ነው ስላሉ ከራስጌዋ ቢላዋ ተደረገ። ሌላዋ “የወለደ ሁሉ መች ይተኛል!” ብለው አለፉት። በስድስተኛው ሳምንት ልጁን ለማስከተብ ስንሄድ አንዲት ነርስ፣ “ልጁ ሲተኛ አንቺስ ትተኛለሽ?” አለቻት። እኅቴ መልስ ሳትሰጥ አለቀሰች።

ነገሩ ሁሉ ያለው በዚያች ጥያቄ ውስጥ ነው። ልጅ የሚቀሰቅሳት እናት ደክማለች፤ ልጁ ተኝቶ፣ የሚጠብቅላት ሰው ተገኝቶ፣ አሁንም መተኛት ያቃታትን ግን ጭንቀት ወይም የመንፈስ ጭንቀት የሚባለው ሕመም ይዟት ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በታዳጊ አገሮች ከ100 ነፍሰ ጡሮች 16 ያህሉ፣ ከ100 ወላዶች ደግሞ 20 ያህሉ በአእምሮ ሕመም፣ ይበልጡንም በመንፈስ ጭንቀት ይያዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 በስኮትላንድ የወጣው፣ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት የኤደንብራ መጠይቅ 10 ጥያቄዎች ብቻ አሉት፤ አንዱ ያለበቂ ምክንያት ስለመጨነቅ፣ አንዱም ከኀዘን የተነሣ እንቅልፍ ስለማጣት ይጠይቃል።

ሕመሙ ይታከማል፤ ከሐኪም ጋር በመነጋገርም፣ ካስፈለገም ጡት እያጠቡ በሚወሰድ መድኃኒት። የእንቅልፍ ኪኒን ግን ከጎረቤት ተቀብሎ መዋጥ፣ ይልቁንም ከሕፃን ጋር ባንድ አልጋ ለሚተኙ፣ አደጋ ነው። አንድ የከፋም አለ። ከ1000 ወላዶች በአንዷ ወይም በሁለቱ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ እንቅልፍ ጭራሽ ይጠፋል፤ ድካም ሳይሰማት ንግግሯ ይፈጥናል፤ ሌላው የማያየውን ታያለች። ይህች ሴት በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለባት፤ ጠበሉም ቢሆን ሐኪሙን አይከለክልም።

አራስ ብቻዋን አትተውም የሚለው ልማዳችን መልካም ነው እላለሁ። ነገር ግን በቤታችን ገንፎ ሊበሉ የመጡት እንግዶች እኅቴ ልትተኛበት የምትችለውን የቀን ሰዓት ጨረሱት፤ እሷም ተነሥታ ስታስተናግድ ዋለች። ነርሷ ወደ ሐኪም ከላከቻት በኋላ በቤት ውስጥ ሥርዓት ተለወጠ። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሕፃኑ በእናታችን ክፍል ያድራል፤ የታለበውን የጡት ወተት የልጁ አባት በኩባያ ያጠጣል። እንግዶችም ቡናቸውን በረንዳ ላይ ጠጥተው፣ ሕፃኑን በመስኮት አይተው ይሄዱ ጀመር።