ብቻውን የሚሞት ፓወር ሰፕላይ

መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ አልነሳ ያለ እንደሆነ፣ መጀመሪያ የሚሰማው ፍርድ ብዙውን ጊዜ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» የሚል ነው። ቀጥሎ አዲስ ኮምፒውተር ስለ መግዛት ይታሰባል፤ ውስጡ ያሉት ፎቶዎች፣ የሂሳብ ሰነዶችና የመመረቂያ ጽሑፎችም አብረው ያለቁ ይመስላሉ። ፍርዱ ግን ቸኩሏል። በግድግዳው ሶኬትና በማዘርቦርዱ መካከል የመብራቱን ክፉና ደግ ቀድሞ የሚቀበል አንድ የብረት ሣጥን አለ፤ የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚሰካበት፣ ፋኑ ሞቃት አየር የሚያስወጣበት። ፓወር ሰፕላይ ይባላል። ኮምፒውተሩ ጭራሽ ድምፅ ካጣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት እሱ ነው፤ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘም በሌላ ይተካል እንጂ ኮምፒውተሩ አይጣልም።

ከሶኬት የሚመጣው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሆኖ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ማዘርቦርዱና ዲስኩ የሚፈልጉት ደግሞ አቅጣጫውን የማይቀይር (ዲሲ) 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ነው። በድሮው ዘዴ ይህን ያህል ቮልቴጅ ለማውረድ ከባድ የብረት ትራንስፎርመር ያስፈልግ ነበር። የዛሬው ፓወር ሰፕላይ ሥራውን ገልብጦ ይጀምራል፤ የመጣውን ኤሌክትሪክ በቅድሚያ ወደ 310 ቮልት ገደማ ዲሲ ይለውጠዋል፣ ቀጥሎ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይቆራርጠዋል። በዚህ ፍጥነት የተቆራረጠ ኤሌክትሪክ በመዳፍ በሚያዝ ትንሽ ትራንስፎርመር ውስጥ ማለፍ ይችላል። በ1977 የወጣው አፕል 2 ኮምፒውተር ሮድ ሆልት በሠራለት እንዲህ ያለ ፓወር ሰፕላይ የተነሳ ያለ ፋን መሥራት ችሎ ነበር። ዛሬ በአብዛኛው የጠረጴዛ ኮምፒውተር ውስጥ የምናየው ቅርጽና የሽቦ አደራደር ኢንቴል በ1995 ካወጣው ኤቲኤክስ የተባለ ደንብ የመጣ ነው።

የሽቦዎቹ ቀለም ለመርማሪ ትልቅ እገዛ ነው። ቢጫው 12 ቮልት፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካናማው 3.3፣ ጥቁሩ ደግሞ መመለሻ ነው። ሐምራዊው ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን ገመዱ እስከተሰካ ድረስ 5 ቮልት እንደያዘ ያድራል። የማስነሻውን ቁልፍ ስንጫን ማዘርቦርዱ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ያገናኘዋል፤ ፓወር ሰፕላዩ «ተነሣ» የሚለውን ትእዛዝ የሚሰማው በዚህ ነው። ግራጫው መልሱን ያደርሳል፦ ቮልቴጆቹ ሁሉ ልካቸውን ሲይዙ፣ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ «ዝግጁ ነኝ» ይላል። ይህ መልስ ካልደረሰ ማዘርቦርዱ ፕሮሰሰሩን ሥራ አያስጀምረውም። ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ የፋን መዞር ብቻውን ስለ ፓወር ሰፕላዩ ደህንነት ምስክር አይሆንም።

ታዲያ ምን ይገድለዋል? በእኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚገድለው የመብራቱ መሄድ ሳይሆን አመጣጡ ነው። ኃይል በተመለሰባቸው የመጀመሪያ ቅጽበቶች ቮልቴጁ ይወዛወዛል፣ አንዳንዴም ከልኩ ይዘላል። ከዚህ የከፋው የኒውትራል መስመር መላላት ወይም መበጠስ ነው፤ ያን ጊዜ 220 መግባት በሚገባው ቤት እስከ 380 የሚደርስ ቮልቴጅ ሊገባ ይችላል። የቮልቴጅ ማነስም ጉዳት አለው። ፓወር ሰፕላዩ የጎደለውን ቮልቴጅ ብዙ ከረንት በመሳብ ስለሚያካክስ ውስጡ ይግላል። ሙቀት ደግሞ የካፓሲተሮቹ ጠላት ነው፤ በተለመደው ስሌት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የካፓሲተሩ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። አቧራ የጠጣ ፋን ሳይታወቅ ያንኑ ሥራ ይሠራል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ) በተመረቱ ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የካፓሲተሮቹ ጥራት ራሱ ጉድለት ነበረበት፤ አናታቸው አብጦ፣ አንዳንዴም ፈሳሽ አንጠባጥቦ ይገኝ ነበር።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው የቆየ ኮምፒውተር ከሆነ ከመሰካቱ በፊት ጀርባውን ማየት ግድ ነው። አንዳንዶቹ 115 እና 230 የሚል ትንሽ፣ ብዙ ጊዜ ቀይ የሆነ መቀየሪያ አላቸው። እዚያ አገር በ115 ላይ ይቀመጣል፤ በዚህ ቦታ ሳለ ውስጠኛው ክፍል የገባለትን ቮልቴጅ በእጥፍ ያሳድጋል። የእኛ 220 ሲገባበት ከ600 ቮልት በላይ ይወጣና እያንዳንዳቸው ለ200 ቮልት ያህል በተሠሩ ሁለት ትልልቅ ካፓሲተሮች ላይ ያርፋል። ፍንዳታው ይሰማል፣ ጭሱ ይታያል፣ ቤተሰቡ ይደነግጣል። እንዲያም ሆኖ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ከትራንስፎርመሩ ወዲህ ባለው ክፍል ስለሚቆም ማዘርቦርዱና ዲስኩ የመትረፍ ዕድላቸው ሰፊ ነው። የፓወር ሰፕላዩ መለያ ወረቀት ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ይህ ስጋት የለም።

ምርመራው ከቀላሉ ይጀምራል። ሶኬቱን በሌላ ዕቃ፣ ገመዱን በሌላ ገመድ፣ ዲቫይደሩንም በማለፍ መሞከር ነው፤ ከኋላ ያለው ማብሪያ ወደ ዜሮ ተጋድሞ እንደሆነም ማየት ይገባል። ከዚያ ገመዱ ይነቀልና ሰፊው ባለ 24 ወይም ባለ 20 ቀዳዳ ሶኬት ከማዘርቦርዱ፣ ሌሎቹም ከያሉበት ይላቀቃሉ። በአግራፍ ወይም በቀጭን ሽቦ አረንጓዴው ቀዳዳ ከአጠገቡ ካለው ጥቁር ጋር ይገናኝና ገመዱ ይሰካል። ፋኑ ካልዞረ ፓወር ሰፕላዩ ለመሞቱ ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ አንዳንዱ አሮጌ ግን ጭነት ካላገኘ ስለማይነሳ አሮጌ ዲስክ ሰክቶ ደግሞ መሞከር ይገባል። መልቲሜትር ያለው በቢጫው ላይ ከ11.4 እስከ 12.6፣ በቀዩ ላይ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ማግኘት አለበት። ያለ ጭነት ልኩን የያዘ ፓወር ሰፕላይ ሥራ ሲበዛበት ሊወድቅ እንደሚችል ግን አይረሳ። ኮምፒውተሩ ከባድ ሥራ ሲጀምር ብቻ ድንገት የሚጠፋ ከሆነ የሚታመነው ፈተና ደህና መሆኑ የታወቀ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ሰክቶ ማየት ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፦ ልምድ የሌለው ሰው ሣጥኑን አይክፈት። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ከላይ የጠቀስነው 310 ቮልት በካፓሲተሮቹ ውስጥ ሊቆይና ሰው ሊገድል ይችላል። ፊውዙ ተቃጥሎ ቢገኝም ብዙ ጊዜ ከኋላው ሾርት ያደረገ ትራንዚስተር ወይም ዳዮድ ስላለ ነው የተቃጠለው። በፊውዝ ፋንታ ሽቦ ማሰር እሳት መጋበዝ ነው።

ምትክ ሲገዛ ሰው የሚያየው ዋጋውንና በጎኑ የተጻፈውን ዋት ነው። እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ሌላ ጥያቄ አለ፦ ይህ ዕቃ በሚሞትበት ቀን እንዴት ይሞታል? ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ፣ ሽቦ ሾርት ሲያደርግ ወይም ጭነት ሲበዛ ራሱን የሚያጠፋበት መከላከያ አለው፤ ሲሞትም አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ይሞታል። እነዚህ የተቀነሱለት ርካሽ ዕቃ ግን በ5ቱ ወይም በ12ቱ መስመር የማይገባውን ቮልቴጅ ለቆ ዲስኩንና ማዘርቦርዱን ይዞ ሊሄድ ይችላል። በትልቁ 500 ዋት ተብሎ ተጽፎበት በእጅ ሲያነሡት ቅልል የሚል ከሆነ ልንጠራጠር ይገባል፤ ማቀዝቀዣ ብረቱና ትራንስፎርመሩ ክብደት አላቸውና። መለያ ወረቀቱ ላይ በ12 ቮልት ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ማንበብም ከትልቁ ቁጥር የበለጠ እውነት ይነግረናል። 80 ፕላስ የሚለው ምልክት ኤሌክትሪክ ቆጣቢነቱን ይናገራል እንጂ ለእነዚህ መከላከያዎች ዋስትና አይደለም።

ሌላው ጥንቃቄ የሶኬቱ ዓይነት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የምናያቸው ብዙዎቹ የዴልና የኤችፒ አነስተኛ ኬዞች ከኤቲኤክስ የተለየ መጠንና ሶኬት ስላላቸው የተነቀለውን ይዞ ገበያ መሄድ ይሻላል። ገመዶቹ የሚነቀሉ ፓወር ሰፕላይ ከሆነ ደግሞ የአንዱን ገመድ በሌላው ላይ መሰካት አይገባም። ጫፉ ገጥሞ ይገባል፣ ውስጡ ያለው የሽቦ ቅደም ተከተል ግን ሊለያይ ስለሚችል ዲስክ በአንድ ቅጽበት ሊቃጠል ይችላል።

ስታቢላይዘር ለቮልቴጅ መውጣትና መውረድ ይረዳል፤ መብራት ሲቋረጥ ግን የሚይዘው ነገር የለም። ለዚያ ዩፒኤስ ያስፈልጋል። ሁለቱም በሌሉበት ቤት መብራት እንደሄደ ገመዱን ነቅሎ፣ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ታግሶ መሰካት ምንም ወጪ የለውም።

አዲሱ ፓወር ሰፕላይም ማዘርቦርዱ ላይ ሲሰካ ፋኑ ለቅጽበት ዞሮ ከቆመ፣ ብዙ ጊዜ መከላከያው ሾርት ያደረገ ነገር አግኝቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ዲስኩን፣ ተጨማሪ ካርዶቹንና ሚሞሪውን አንድ በአንድ እየነቀሉ መሞከር ነው። ከተነቀሉት አንዱ ሲወጣ ማሽኑ ከተነሳ ጥፋተኛው ተገኘ። ሁሉም ወጥተው ያው ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ማዘርቦርዱ ይዞራል፤ ዲስኩ ግን ወጥቶ በሌላ ኮምፒውተር ይሰካና ሰነዶቹ ይገለበጣሉ።