ኢንትሮፒ እና የሐራሬ ውሃ

ኢንትሮፒ በአንድ ሥርዓት ውስጥ ያለው ኃይል ምን ያህሉ ተበትኖ ለሥራ እንደማይውል የሚለካበት የፊዚክስ መጠን ነው። ሐሳቡ የተወለደው ከእንፋሎት ሞተር ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሳዲ ካርኖ እ.ኤ.አ. በ1824 ባሳተመው ጥናት፣ ከሙቀት የሚገኝ ሥራ የትኛውም ብልሃት ሊያልፈው የማይችል ጣሪያ እንዳለው አሳየ። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ክላውዚየስ በ1865 ለመጠኑ ስም አወጣለት፤ ኦስትሪያዊው ሉድቪግ ቦልትዝማን ደግሞ ምክንያቱን አቶሞች ሊደረደሩ ከሚችሉባቸው መንገዶች ቁጥር አወጣ። ነገሮች የሚዝረከረኩባቸው መንገዶች ከሚስተካከሉባቸው መንገዶች እጅግ ስለሚበዙ፣ በራሳቸው ሲተዉ ወደ መዝረክረኩ ያደላሉ። ሲኒ ውስጥ የቆየ ቡና ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ ቡና ከክፍሉ አየር ሙቀት ሰብስቦ መልሶ ሲፈላ ግን ታይቶ አያውቅም።

ሕጉ ቅድመ ሁኔታ አለው። ኢንትሮፒ ከቶ አይቀንስም የሚባለው ከውጭ ምንም በማይገባበትና ምንም በማይወጣበት ዝግ ሥርዓት ነው። ኃይል የሚገባለት ሥርዓት ቅርጹን ጠብቆ ሊኖር፣ አልፎም ሊደራጅ ይችላል፤ ዋጋው ኃይሉ ሳይቋረጥ መግባቱ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ኤርቪን ሽሮዲንገር በ1944 «ሕይወት ምንድን ነው?» በተባለው መጽሐፉ ሕያው ፍጥረትን ያስረዳው በዚሁ መንገድ ነው። ኢልያ ፕሪጎዢን የ1977ቱን የኬሚስትሪ ኖቤል ያገኘውም በማያቋርጥ የኃይል ፍሰት ብቻ የሚቆሙ ቅርጾችን በማጥናቱ ነው። ኢንትሮፒን እንደ ዘይቤ ወስደው ለመንግሥትና ለሆስፒታል የሚያውሉ ብዙ ሰዎች ይህን ቅድመ ሁኔታ ይዘሉታል። «ሁሉም ነገር ወደ መፍረስ ያመራል» ብለው ያቆማሉ፤ ዋናው ጥያቄ ግን ወደ ሥርዓቱ ይገባ የነበረው ነገር ለምን ተቋረጠ የሚለው ነው።

ሐሳቡን ወደ ማኅበረሰብ ጥናት ካሻገሩት መካከል ሮማኒያ የተወለደው የምጣኔ ሀብት ምሁር ኒኮላስ ጆርጄስኩ-ሮገን ይገኝበታል፤ በ1971 ባሳተመው ሥራ ኢኮኖሚ ከዚህ የተፈጥሮ ሕግ ውጭ እንዳልሆነ ተከራክሯል። አሜሪካዊው ጆሴፍ ቴይንተር በ1988 ስለ ኅብረተሰቦች መፍረስ ሲጽፍ በሌላ በኩል መጣ። እንደ እሱ አባባል አንድ ኅብረተሰብ ችግር በገጠመው ቁጥር አዲስ መሥሪያ ቤት፣ አዲስ ደንብ፣ አዲስ ሹመት ይጨምራል፤ ውሎ አድሮ የጭማሪው ጥቅም ከወጪው እያነሰ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ያለውን ማቆየት ራሱ ከአቅም በላይ ይሆናል።

በጤና አገልግሎት ውስጥ ግን ጉዳዩ ከዘይቤ ያልፋል። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ከ1996 ጀምሮ በፖሊዮ ክትባት ብልቃጥ ላይ፣ በኋላም በሌሎች ክትባቶች ላይ፣ ትንሽ ምልክት ይለጠፋል፤ በክብ ውስጥ ያለች ነጣ ያለች አራት ማዕዘን ናት። ብልቃጡ ሙቀት ባገኘው ቁጥር አራት ማዕዘኗ እየጠቆረች ትሄዳለች። ከዙሪያዋ ቀለም ጋር ስትመሳሰል ክትባቱ ይጣላል። ብልቃጡ ወደ ማቀዝቀዣ ቢመለስም ምልክቱ ተመልሶ አይነጣም፤ በመንገድ ላይ የጠፋው ቅዝቃዜ ሁሉ እዚያች ላይ ተመዝግቦ ይቀራል። በጤና ኬላ የምትሠራ ነርስ ነጣ ያለ ምልክት ስታይ በእጇ የያዘችው የብዙ ሰው ያልተቋረጠ ሥራ ውጤት ነው፦ የመብራት ሠራተኛው፣ የሾፌሩ፣ የማቀዝቀዣ ጠጋኙ፣ በጀቱን በጊዜው የፈረመው ኃላፊ። አንዱ ቢጎድል የሚታየው ወዲያው አይደለም። የሚታየው ከወራት በኋላ፣ ሕፃናት በኩፍኝ ሲታመሙ ነው።

የፖለቲካና የጤና ሥርዓት አብረው ሲላሉ ምን እንደሚመስል ዚምባብዌ በግልጽ አሳይታለች። አገሪቱ በ1980 ነጻ ስትወጣ የጤና አገልግሎትን ለጥቁሩ ሕዝብ ለማዳረስ ቆርጣ ተነሳች። የገጠር ክሊኒኮች ተስፋፉ፣ ክትባት ተዳረሰ፣ ዝቅተኛ ገቢ ያለው በነጻ እንዲታከም ተወሰነ። በ1991 የጀመረው የመዋቅር ማስተካከያ መርሐ ግብር የሕክምና ክፍያን መልሶ አጠናከረ፤ ኤች.አይ.ቪ በዚያው አሥር ዓመት ሐኪም ቤቶችን አጨናነቀ። ከ2000 በኋላ ኢኮኖሚው ሲንኮታኮት ሐኪሞችና ነርሶች ወደ ደቡብ አፍሪካና ወደ ብሪታንያ ጎረፉ። በጁላይ 2008 መንግሥት ራሱ ያመነው ዓመታዊ የዋጋ ግሽበት 231 ሚሊዮን በመቶ ደረሰ። የአንድ ነርስ የወር ደመወዝ ወደ ሥራ ለመመላለሻ እንኳ የማይበቃበት ጊዜ ነበር።

ዋና ከተማዋ ሐራሬ በአብዛኛው የምትጠጣው ከቺቬሮ ሐይቅ ነው፤ የከተማዋ ፍሳሽም በሙኩቪሲና በማሪምባ ወንዞች በኩል ወደዚያው ሐይቅ ይወርዳል። ከተማዋ ከራሷ የውሃ ምንጭ በላይ ስለተቆረቆረች የመጠጥ ውሃዋን ከራሷ ፍሳሽ የሚለየው የማጣሪያ ጣቢያዎች ሥራ ብቻ ነው። ይህ ሥራ በየቀኑ መብራት፣ አሉሚኒየም ሰልፌት፣ ክሎሪንና የሚሠራ ፓምፕ ይፈልጋል። አንድ ቀን ሊዘለል የማይችል ሥራ ነው።

በ2000ዎቹ አጋማሽ ማዕከላዊው መንግሥት የከተሞችን ውሃ ከማዘጋጃ ቤቶች ወስዶ ለብሔራዊው የውሃ ባለሥልጣን ሰጠ። የከተማ ምክር ቤቶቹ በዚያን ጊዜ በአብዛኛው ተቃዋሚው ፓርቲ ያሸነፈባቸው ስለነበሩ፣ ውሳኔው ከቧንቧ ይልቅ የሥልጣንና የገቢ ጉዳይ ነበር የሚለው ትችት ከጅምሩ ተነሥቷል፤ ትችቱም በቂ መሠረት አለው። አዲሱ ባለሥልጣን የውሃ ክፍያውን ሰበሰበ፤ የከተማ ውሃ የማስተዳደር ልምድ ግን አልነበረውም፣ ለጥገናና ለኬሚካል የሚሆን የውጭ ምንዛሪም አላገኘም። እንደ ቡዲሪሮ ባሉ ሰፈሮችና በአጎራባቿ ቺቱንግዊዛ ከተማ የፈነዱ የፍሳሽ ቱቦዎች ለወራት ሳይጠገኑ ቆዩ፤ ቧንቧው ሲደርቅ ነዋሪዎች በየግቢያቸው ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ሕፃናት ፍሳሹን እየተሻገሩ ይጫወቱ ነበር።

ኮሌራ በኦገስት 2008 ከቺቱንግዊዛ ተነሥቶ ወደ አሥሩም ክፍለ ሀገራት ተዛመተ። በኖቬምበር ፓሪሬንያትዋና ሐራሬ የተባሉት ሁለቱ ታላላቅ ሆስፒታሎች በሠራተኛ፣ በመድኃኒትና በውሃ እጦት ሕሙማን መቀበል አቆሙ፤ ተቃውሞ የወጡ ሐኪሞችንና ነርሶችን ፖሊስ በተናቸው። በዲሴምበር መጀመሪያ የማጣሪያ ኬሚካል በማለቁ የከተማዋ ውሃ ተዘጋ፤ ከዚያ በኋላ ነው መንግሥት አስቸኳይ ጊዜ ያወጀው። ወረርሽኙ በ2009 አጋማሽ ሲበርድ ከ98 ሺህ በላይ ሰዎች ታመው፣ ከ4,000 በላይ ሞተዋል። ኮሌራ በሕይወት አድን ንጥረ ነገርና በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽ በጊዜ ከታከመ ከመቶ አንድ ሰው እንኳ አይገድልም። በዚምባብዌ ከመቶ ከአራት በላይ ገደለ። እነዚህ ሰዎች የሞቱት ፈውሱ ርካሽና ለአሥርተ ዓመታት በታወቀ በሽታ ነው።

ይህን ሁሉ «ኢንትሮፒ» ብሎ መጥራት ግማሹን እውነት ይይዛል። የቧንቧ ዝገት፣ የፓምፕ ማርጀት፣ የሰለጠነ ሰው መበተን ያለማንም ትእዛዝ ይካሄዳል፤ ለማስቆም ግን ገንዘብ፣ ሰውና ትኩረት ያለማቋረጥ መግባት አለበት። ጥገና በየትኛውም አገር በጀት ውስጥ በቀላሉ የሚቆረጥበት ምክንያትም ከዚህ ይገባል፤ የተቆረጠበት ዓመት ምንም ሳይታይ ያልፋል፣ ጉዳቱ የሚደርሰውም ሌላ ሹም ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ነው። ዘይቤው የሚሸፍነው ሌላው ግማሽ ደግሞ ኃላፊነት ነው። በፊዚክስ ሙቀት ሲበተን የሚጠየቅ የለም። በሐራሬ ግን ውሃውን ከምክር ቤቶቹ የነጠቀው፣ ምንዛሪውን ለሌላ ያዋለው፣ የሐኪሞችን ጩኸት በፖሊስ የመለሰው ውሳኔ ነው፤ ውሳኔ ደግሞ ፈራሚ አለው። ፕሬዚዳንቱ ሮበርት ሙጋቤ ሰው እየሞተ ሳለ በዲሴምበር 2008 ኮሌራው መገታቱን በአደባባይ ተናገሩ። የተሳሳተ መረጃ ሥርዓቱ ራሱን የሚያይበትን ዓይን ይጋርዳል፤ ይህም ከዝገት ጋር የሚቆጠር አይደለም።

የመፍረሱ መንገድ ወደ ኋላ እንደሚመለስ ቀጣዩ ዓመት አሳየ። በፌብሩዋሪ 2009 የአንድነት መንግሥት ተመሠረተ፤ ዋጋ ያጣው ገንዘብ ቀርቶ የአሜሪካ ዶላር መገበያያ ሆነ፤ ለጋሾች ለጤና ሠራተኞች አበል ከፈሉ፤ ዩኒሴፍ የውሃ ማጣሪያ ኬሚካል አቀረበ፤ ውሃውም ለከተማው ምክር ቤት ተመለሰ። ሆስፒታሎቹ በወራት ውስጥ በራቸውን ከፈቱ። ይሁን እንጂ የገባው ገንዘብ በአብዛኛው ለኬሚካልና ለአበል እንጂ ከመሬት በታች ላሉት ያረጁ ቱቦዎች አልነበረም። በሴፕቴምበር 2018 ኮሌራ በግሌን ቪውና በቡዲሪሮ እንደገና ተቀሰቀሰ፤ መነሻውም የፈነዳ የፍሳሽ ቱቦ የጉድጓድ ውሃ መበከሉ ነበር። በ2023 የጀመረውና እስከ 2024 የዘለቀው ወረርሽኝ ደግሞ ከ30 ሺህ በላይ ሰዎችን ያዘ፤ ሐራሬም ክፉኛ ከተጎዱት ከተሞች አንዷ ነበረች።