የብሎን ሙጫ በጠመንጃ መነጽር ላይ

የብሎን ሙጫ በብሎንና በዳዶ ጥርሶች መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ የሚደርቅ፣ ብሎኑ በንዝረት እንዳይላላ የሚያደርግ ፈሳሽ ነው። ብዙ መካኒክ በአንድ የታወቀ ምርት ስም ሎክታይት ይለዋል። በመኪና ሞተር፣ በውኃ ፓምፕና በፋብሪካ ማሽን ላይ ይሠራል። ጥቅሙም ጉዳቱም ጎልቶ የሚታየው ግን የማነጣጠሪያ መነጽርን በጠመንጃ ላይ በሚይዙ ትንንሽ ብሎኖች ላይ ነው።

ብሎን ሲጠብቅ በጥቂቱ ይለጠጣል። ሁለቱን ዕቃዎች አጣብቆ የሚይዛቸው ተመልሶ ለመኮማተር የሚታገለው ይህ ውጥረት ነው። ውጥረቱ በጥርሶቹ መካከልና ከብሎኑ ራስ ሥር ሰበቃ ይፈጥራል፤ ሰበቃው ደግሞ ብሎኑ ወደ ኋላ እንዳይዞር ይከለክላል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ጌርሃርድ ዩንከር እ.ኤ.አ. በ1969 እንዳሳየው ብሎንን ክፉኛ የሚያላላው በቁመቱ የሚስበው ኃይል ሳይሆን ዕቃዎቹን ከጎን ወደ ጎን የሚያንሸራትት ንዝረት ነው። በተንሸራተቱ ቁጥር ሰበቃው ለቅጽበት ይከዳል፤ ብሎኑም በገዛ ውጥረቱ ጥቂት በጥቂት ይዞራል። የመነጽር መቀመጫ ብሎኖች ከላይ ወደ ታች ይገባሉ፣ ጠመንጃው ሲተኮስ የሚረግጠው ግን ወደ ኋላ ነው። መነጽሩ በክብደቱ ባለበት መቅረት ስለሚፈልግ እያንዳንዱ ተኩስ ብሎኖቹን ዩንከር በገለጸው አቅጣጫ ይገፋቸዋል።

የብሎኖቹ መላላት የሚያስከትለው ስሕተት ቀላል አይደለም። መነጽሩን የሚይዙት ሁለት ቀለበቶች በ100 ሚሊሜትር ተራርቀው አንዱ በ0.1 ሚሊሜትር ብቻ ቢነቃነቅ፣ ጥይቱ 100 ሜትር ላይ 10 ሴንቲሜትር ይስታል። ተኳሹ ይህን ሳያውቅ ጥይቱን ይቀይራል፣ በርሜሉን ይጠረጥራል።

ቀድሞ ጠመንጃ ሠሪዎች ብሎኑን በሼላክ፣ በቫርኒሽ ወይም በጥፍር ቀለም ያሽጉት ነበር። እነዚህ የሚደርቁት ማሟሚያቸው ተንኖ ሲወጣ ነው፤ በጥርሶቹ መሃል ያለው ክፍል መተንፈሻ ስለሌለው ጠርዙ ደርቆ ውስጡ ለስላሳ ሊቀር ይችላል። መፍትሔው የመጣው ከተቃራኒው ሐሳብ፣ አየር ሲያጣ ከሚደርቅ ፈሳሽ ነው። የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኬሚስቶች እንዲህ ያለ ፈሳሽ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አግኝተው ነበር፤ ነገር ግን እንዳይደርቅ ዘወትር አየር እየነፉበት ማቆየት ግድ ነበር። በሃርትፎርድ፣ ኮነቲከት፣ በትሪኒቲ ኮሌጅ ኬሚስትሪ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ቨርነን ክሪብል እ.ኤ.አ. በ1953 በጠርሙስ ውስጥ ሳይደርቅ የሚቆይ ዓይነት ሠሩ። ሎክታይት የሚለውን ስም ያወጡለት የልጃቸው ሚስት ናንሲ ክሪብል ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፈሳሹ ውስጥ ሜታክሪሌት የሚባሉ ሞለኪውሎችና ጥቂት ፐርኦክሳይድ አሉ። ፐርኦክሳይዱ ሲፈርስ ሞለኪውሎቹን ሰንሰለት የሚያስይዙ ቅንጣቶችን ይለቃል፤ ኦክስጅን ካለ ግን ቅንጣቶቹን ይዞ ሥራቸውን ያስቆማል። ብሎኑ ሲጠብቅ በጥርሶቹ መካከል የቀረው ኦክስጅን ወዲያው ያልቃል፣ ከብረቱ የሚመጡ የአይረንና የመዳብ አዮኖችም ፐርኦክሳይዱን ያፈርሱታል። ስለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ አየር ማጣትና ብረት። የሙጫው ጠርሙስ አየር በሚያሳልፍ ፕላስቲክ የሚሠራውና ጎዶሎ የሚሸጠውም በዚሁ ምክንያት እንጂ ገዢን ለማጭበርበር አይደለም። ከጥርሱ ውጭ የፈሰሰ ጠብታ ለቀናት እርጥብ ሆኖ መቆየቱም ሙጫው መበላሸቱን አያሳይም። አይዝጌ ብረትና በኤሌክትሪክ የኦክሳይድ ሽፋን የተሠራለት አሉሚኒየም አዮን በብዛት ስለማይለቁ በእነሱ ላይ ሙጫው ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ማፍጠኛ የሚረጭባቸው ለዚህ ነው።

ሙጫው በጥንካሬው ይለያል፣ አምራቾችም በቀለም ያመለክቱታል። ሐምራዊው ደካማና ለትንንሽ ብሎኖች የተሠራ ነው። ሰማያዊው መካከለኛ ሲሆን በተራ መፍቻ ይፈታል። ቀዩ ወደ 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልሞቀ በቀላሉ አይለቅም፤ የመነጽር ጎማ ማሸጊያዎችና የሌንስ ሙጫ ይህን ሙቀት ስለማይችሉ በመነጽር አካባቢ ቦታ የለውም። አረንጓዴው ቀጭን ነው፤ ከጠበቀ ብሎን ጠርዝ ላይ ሲንጠባጠብ ራሱ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ቀለሙ ግን ከአምራች አምራች ሊለያይ ስለሚችል የጠርሙሱ ላይ ጽሑፍ ይበልጥ ይታመናል።

የትኛው ብሎን ይቀባ የሚለው ጥያቄ ከቀለሙ ይበልጣል። መቀመጫውን ከጠመንጃው ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች አንዴ ገብተው ለዓመታት አይነኩም፣ መነጽሩም ስለሚሸፍናቸው ሊፈተሹ አይችሉም፤ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ሙጫ የሚገባቸው እነዚህ ናቸው። የቀለበቱን ክዳን የሚይዙት ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ አንዳንድ የመነጽር አምራቾች ሙጫ እንዳይነካቸው ይከለክላሉ። ብሎን ሲጠብቅ ከሚውለው ኃይል ወደ 90 በመቶው ሰበቃን ለማሸነፍ ያልቃል፤ ብሎኑን የሚለጥጠው ቀሪው ነው። እርጥብ ሙጫ ደግሞ ያለሰልሳል። ስለዚህ በደረቅ ብሎን ልክ የተመጠነ ኃይል በእርጥብ ብሎን ላይ ሲውል ቀለበቱ ከሚገባው በላይ ይጨመቃል፣ የመነጽሩ ቀጭን የአሉሚኒየም ቱቦም ይሰረጉዳል። ለክዳን ብሎኖች ብዙ ጊዜ የሚመከረው ከ1.7 እስከ 2 ኒውተን ሜትር፣ ለመቀመጫ ብሎኖች ከ2.3 እስከ 3.4 ገደማ ነው፤ ከዚህ በፊት የአምራቹ መመሪያ ይታያል። ይህ በእጅ ግምት የሚደረስበት ልክ ስላልሆነ ቶርክ የሚለካ ካቻቢቴ ያስፈልጋል።

ሥራው በጽዳት ይጀምራል። አዲስ ብሎን ከፋብሪካ ዘይት ተቀብቶ ስለሚወጣ ብሎኑም ቀዳዳውም በአሴቶን ወይም በአልኮል ታጥበው ይደርቃሉ። ከዚያ ጥርሱ ላይ አንድ ትንሽ ጠብታ ይበቃል። ቀዳዳው ሌላኛው ጫፍ ድፍን ከሆነ ጠብታው ወደ ቀዳዳው ውስጥ ይጨመራል፤ አለዚያ የታመቀው አየር ሙጫውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። በአንዳንድ ጠመንጃዎች የፊተኛው ቀዳዳ እስከ መቀርቀሪያው መንሸራተቻ ድረስ ክፍት ነው፤ በዚያ በኩል የወረደ ትርፍ ሙጫ ወዲያው ይጠረጋል። ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ እንደገና ማላላትና ማስተካከል መያዝ የጀመረውን ሰንሰለት ይሰብራል፤ ስለዚህ አቀማመጡ አስቀድሞ በደረቅ ብሎን ይሞከራል። ሙጫው ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ብሎኑን ይይዛል፣ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ግን በ24 ሰዓት ነው፤ ብርድ ያዘገየዋል።

ለመፍታት በልኩ የገባ ካቻቢቴ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። እምቢ ካለ መነጽሩ ከተነሣ በኋላ የብሎኑ ራስ በብየዳ ካውያ ይሞቃል። ብሎኑ ተመልሶ ከመግባቱ በፊት የደረቀው ሙጫ ከጥርሱ በብሩሽ ይጠረግና አዲስ ይቀባል። ሙጫ ያልተቀቡት የክዳን ብሎኖች ላይ ደግሞ ከብሎኑ ራስ ወደ ቀለበቱ የሚያልፍ ቀጭን የቀለም መስመር ይሰመራል፤ ብሎኑ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል፣ መላላቱም ያለ መፍቻ ይታወቃል።