በሁለት ገጽ ላይ የሚቆም ሕንፃ

ዶሃ፣ አል ነስር ሰፈር። በየሕንፃው ግድግዳ ላይ የዞኑን፣ የመንገዱንና የሕንፃውን ቁጥር የያዘች ትንሽ ሰማያዊ ታርጋ ተለጥፋለች። ከዚያች ታርጋ ጀርባ ያለው ሥራ ግን ከመንገድ አይታይም። ከታች የውኃ ፓምፕ፣ ከላይ ማቀዝቀዣ፣ በመሃል ሊፍት፣ በየፎቁ የእሳት ማስጠንቀቂያ፣ ማለዳ ኮሪደር የሚወለውሉ ሠራተኞች አሉ። ይህን ሁሉ አንድ ላይ የሚያስኬደው ሙያ ፋሲሊቲ ማኔጅመንት ይባላል። አዲስ አበባ ላይ ሥራውን የሚሠራው ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ጠቅላላ አገልግሎት» በሚባል ክፍል ውስጥ፣ ከመኪና ስምሪትና ከጽሕፈት መሣሪያ ጋር ተዳብሎ ይገኛል። ዶሃ ላይ ሥራ ሲፈልግ የሚቸገረውም እዚህ ላይ ነው፤ ሥራውን ያውቀዋል፣ ባለ ሁለት ገጹ ሲቪ ግን አይናገርለትም።

የሙያው ማኅበር አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አይኤስኦ 41001 የተባለውን መለኪያ ያወጣለት ደግሞ በ2018። ቀጣሪዎች ሥራውን ለሁለት ይከፍሉታል፤ ማሽን የሚነካውን ሃርድ ሰርቪስ፣ ጽዳቱን፣ ጥበቃውን፣ አትክልቱንና ተባይ ማጥፋቱን ሶፍት ሰርቪስ ይሉታል። ኳታር ለ2022 የዓለም ዋንጫ ስምንት ስታዲየሞች አሰናድታለች፤ ሆቴሉ፣ ሜትሮውና የሉሳይል ከተማ ማማዎችም አሉ። ኮንትራክተሩ ዕቃውን ሰብስቦ ሲወጣ ጥገናው ይገባል።

ለአንድ የሥራ ማስታወቂያ ሕንዱም፣ ፊሊፒኖውም፣ ኔፓላዊውም፣ ኬንያዊውም ያመለክታል። በዚህ ሁሉ መሃል «ትጉህ፣ ታማኝ፣ በቡድን መሥራት የምችል» ብሎ የሚጀምር ሲቪ የማንም ሊሆን ይችላል። እንበልና አንድ ቴክኒሽያን ቦሌ ላይ ባለ አንድ የቢሮ ሕንፃ አራት ዓመት ሠርቷል። «ለሕንፃው ጥገና ኃላፊነት ነበረብኝ» ብሎ ቢጽፍ ስለ ሕንፃውም ስለ እሱም የተባለ ነገር የለም። ያንኑ አራት ዓመት «ባለ 12 ፎቅ ቢሮ፣ 9,000 ካሬ ሜትር፣ 3 ሊፍት፣ አንድ 500 ኬቪኤ ጀነሬተር፣ ወርኃዊ የመከላከያ ጥገና፣ በሥሬ 4 ሰዎች» ብሎ ቢያሰፍረው ግን አንባቢው ሕንፃውን ያየዋል። ቀጥሎ ለውጡ ይመጣል፤ ሊፍቱ በወር ስንት ጊዜ ይቆም ነበር፣ በኋላስ? የነዳጅ ወጪው ቀነሰ ወይ? እነዚህ ቁጥሮች ከጥገና መዝገብ መውጣት አለባቸው። መዝገብ ያልያዘ ሰው ከሚገምት የማሽኑን ዓይነትና አቅም ብቻ ጽፎ ቢያልፍ ይሻለዋል።

አዲስ አበባ ለዚህ ሥራ የምታስተምረው ነገር አለ። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ማስነሳት፣ ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ሮቶውን ሞልቶ ፓምፑን መጠበቅ፣ መለዋወጫ በጠፋበት ጊዜ ማሽኑን ሳያቆሙ መላ መፈለግ፣ ይህ ሁሉ በሲቪ ላይ ሊጻፍ የሚገባው ሙያ ነው። ብዙ አመልካቾች ግን እንደ ተራ ነገር ይዘሉታል። የሚጎድለው የማቀዝቀዣ ልምድ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ለተቀመጠች ከተማ ሙቀት ጠላት አይደለም፤ ለዶሃ ግን ዋናው ጠላት ነው። ፐርል በተባለው ሰው ሠራሽ ደሴት ላይ ያለው የማዕከላዊ ማቀዝቀዣ ጣቢያ ብቻ 130,000 ቶን የማቀዝቀዝ አቅም አለው። ስለዚህ የሆቴል ቀዝቃዛ ክፍል፣ የሆስፒታል ወይም የዳታ ማዕከል ማቀዝቀዣ የነካ ሰው ያችን ልምድ ከታች መቅበር የለበትም፤ ገና በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ትውጣ። 209 ሜትር የሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ከተመረቀ ወዲህ እንዲህ ያለውን ሥራ አገር ቤት መማርም እየተቻለ መጥቷል።

የዘመን አቆጣጠሩ ነገር ደግሞ ለብቻው ይታይ። የሥራ ልምድ ደብዳቤው «ከመስከረም 2010 እስከ ሰኔ 2014» ይላል፤ ጸሐፊው ዓመቶቹን እንዳሉ ወደ እንግሊዝኛው ይገለብጣል። የዶሃው ቀጣሪ ሲያነበው ሰውየው ከ2014 ወዲህ ሥራ የፈታ ይመስለዋል። ትክክለኛው እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2017 እስከ ሰኔ 2022 ነው። ደብዳቤው ራሱ በእንግሊዝኛ ሲተረጎም ሁለቱንም አቆጣጠር ቢይዝ ጥሩ ነው፣ አለበለዚያ ሲቪውና ማስረጃው ይጣላሉ።

ስምም እንዲሁ ነው። በፓስፖርት ላይ በአንድ ፊደል፣ በዲፕሎማ ላይ በሌላ፣ በሲኦሲ (በሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ላይ ደግሞ በሦስተኛ የተጻፈ የአባት ስም ለአገሬው ሰው ምንም አይደለም። ማስረጃው አዲስ አበባ ላይ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኳታር ኤምባሲ ማኅተም ሲረጋገጥ ግን ጣጣ ያመጣል። ሲቪው ፓስፖርቱን ይከተል።

ኳታር ውስጥ ላለ ሰው ስለ መኖሪያ ፈቃዱ የሚናገረው መስመር ከምስጋና ደብዳቤ ሁሉ ይበልጣል። ቀድሞ ማስታወቂያዎች ኤንኦሲ፣ ማለትም የቀድሞ ቀጣሪ የፈቃድ ደብዳቤ፣ ይጠይቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ማሻሻያ ሠራተኛ ያለዚያ ደብዳቤ ቀጣሪ መቀየር ተፈቀደለት፤ ማስጠንቀቂያው እስከ ሁለት ዓመት ለሠራ አንድ ወር፣ ከዚያ በላይ ለሠራ ሁለት ወር ነው። «መታወቂያዬ የሚያገለግለው እስከዚህ ቀን፣ ማስጠንቀቂያዬ አንድ ወር፣ መንጃ ፈቃድ አለኝ» የሚል አንድ መስመር ቀጣሪውን ከብዙ ስልክ ይገላግለዋል። በመሐንዲስነት ለሚያመለክት ደግሞ ዩፒዲኤ የሚባለው የመሐንዲሶች ፈተናና ምዝገባ በማስታወቂያው ላይ መጠየቁ አይቀርም፤ ያለው ደረጃውን ይጻፍ፣ የሌለው አመልክቶ ከሆነ ያንን ይጻፍ።

በሰው ቤት ስትሠራ የቆየች ኢትዮጵያዊት ወደ ሶፍት ሰርቪስ መሻገር ብትፈልግ መነሻ አላት። የኬሚካል መጠን መመጠን፣ ዕቃ መረከብና ቆጥሮ ማስረከብ፣ በሰዓት መሥራት የጽዳት ሱፐርቫይዘር ሥራ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ያለው የብሪታንያ የጽዳት ሳይንስ ተቋም ሥልጠና፣ ለምሳሌ ቀይ ጨርቅ ለመጸዳጃ፣ አረንጓዴ ለኩሽና፣ ሰማያዊ ለቢሮና ለመሳሰሉት የሚለው ሥርዓት፣ በሲቪዋ ላይ ቢገባ ቀጣሪው የሚያውቀው ቋንቋ ነው።

የተጻፈው ሁሉ በቃለ መጠይቁ ይፈተሻል። «የእሳት ፓምፕ ተቆጣጥሬአለሁ» ያለ ሰው ሦስቱ ፓምፖች እያንዳንዳቸው መቼ እንደሚነሱ ይጠየቃል። ትንሿ ጆኪ የመስመሩን ግፊት ትጠብቃለች፣ ግፊቱ ሲወርድ ዋናው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ይነሳል፣ መብራት ከሌለ ወይም እሱ ካልተነሳ የናፍጣው ይቀጥላል። «ቺለር (የውኃ ማቀዝቀዣ ማሽን) አውቃለሁ» ያለውም ወደ ሕንፃው የሚሄደው ውኃ ስድስት ወይም ሰባት ዲግሪ ሆኖ ወጥቶ በአሥራ ሁለት ገደማ መመለሱን ይናገር፤ ሲመለስ ከመደበኛው ይልቅ ቢሞቅ መጀመሪያ የት እንደሚያይም ይጠየቃል። አንዳንድ ቀጣሪዎች በቃል አይወሰኑም፣ መሣሪያ ሰጥተው የመቆጣጠሪያ ፓኔል ፊት ያቆሙታል።