የአሮጌ ትራክተር ሞተር ውሃ ሲጎድል፦ የፍሳሹን ምንጭ አፈላለግ

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

በወልቂጤና በቡታጅራ አካባቢ አሮጌ ትራክተር የሚያሠሩ ማኅበራት ዝናብ ጥሎ እርሻ ሲጣደፍ ከሚያጋጥሟቸው ችግሮች አንዱ የራዲያተር ውሃ መጉደል ነው። ነጂው በጀሪካን ውሃ እየጨመረ ሥራውን ይቀጥላል፤ ወይም «ቴስታታው ሄዷል» ተብሎ ሞተሩ ይፈታል። የመጀመሪያው ሞተሩን ለቃጠሎ ይዳርጋል። በሁለተኛው ደግሞ ፋሼታ በማጥበቅ ሊድን ለሚችል ጉድለት የእርሻ ወቅት ያልፋል። ስለዚህ ፍተሻው ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከቀላል ወደ ከባድ እንዲሆን እንመክራለን።

ጥንቃቄ፦ ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑ አይከፈት፤ እንፋሎቱ ፊትና እጅ ያቃጥላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢጨመር ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል።

1. የራዲያተር ክዳን

ወልቂጤ 1,900 ሜትር ያህል፣ ቡታጅራ 2,100 ሜትር ያህል ከባሕር ወለል በላይ ከፍ ብለው ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ግፊት የሚይዝ ደህና ክዳን የመፍያውን ነጥብ ከ100 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ወይም በክዳኑ ፋንታ ጨርቅ ከተወተፈ ግን ውሃው ፈልቶ ይተናል፤ የፍሳሽ ምልክትም አይገኝም።

2. የውጭ ፍሳሽ

ትራክተሩ ሌሊቱን በደረቅ ካርቶን ላይ ቆሞ ይደር። ጠዋት ጠብታው ካረፈበት ቦታ ተነሥቶ ወደ ላይ መከታተል ነው። የጎማ ቱቦዎችና ፋሼታዎች፣ የራዲያተሩ የታችኛው ክፍልና የማፍሰሻው ቧንቧ ይታዩ። ከውሃ ፓምፑ ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃ ከተንጠባጠበ የፓምፑ ማኅተም አርጅቷል ማለት ነው። የዝገት ወይም የነጭ ጨው መስመር የደረቀ ፍሳሽ ምልክት ነው።

3. የውስጥ ፍሳሽ

ከውጭ ምንም ካልተገኘ የሚከተሉት ይፈተሹ።

ሀ) ሞተሩ አድሮ ሳይነሣ የኮፓው ማፍሰሻ ቡሎን በጥቂቱ ይላላ። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ካለ ቀድሞ ይወጣል። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለም ውሃ ገብቶበታል። ብሮንዚናው ስለሚበላ ትራክተሩ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መነሣት የለበትም።

ለ) ሞተሩ በርዶ ሳለ የፓምፑ ቺንጋ ይውጣና ራዲያተሩ ይሞላ። ክዳኑ እንደተከፈተ ሞተሩ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ይነሣ። አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ የቃጠሎ ጋዝ በቴስታታው ጓርኒሲዮን ወይም በስንጥቅ በኩል ያልፋል ማለት ነው።

ሐ) ነጭ ጭስ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በብርድ ጠዋት የተለመደ ነው። ሞተሩ ከጋለ በኋላም ካልጠፋ ግን ያጠራጥራል።

የሞተሩ ዓይነትም ይለያል። በቤላሩስ ኤምቲዜድ-80 የሲሊንደሩ ላይነር ውሃ ይነካዋል፤ የጎማ ቀለበቶቹ ሲያረጁ ውሃ ወደ ኮፓ ይወርዳል። በማሴ ፈርጉሰን 135 ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር ግን ላይነሩ ውሃ ስለማይነካው በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ጓርኒሲዮኑ ነው።

4. ማሳሰቢያ

ቀዳዳ ይደፍናል ተብሎ የሚጨመር ዱቄት የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ሊዘጋ ስለሚችል አይጠቀሙበት። የሚጨመረው ውሃ ንጹሕ ይሁን፤ የዝናብ ውሃ ከጉድጓድ ውሃ ይሻላል። ነጂው በየቀኑ የጨመረውን ውሃ በሊትር፣ የሠራበትን ጊዜም በሰዓት ይመዝግብ። ቁጥሩ እየጨመረ ከሄደ ትራክተሩ በማሳ መካከል ከመቆሙ በፊት መካኒክ መጥራት ይቻላል።