የጭራቅ ተረት ምሽት፦ ወዳጆችን በቀሪቦና በብርዝ ማስተናገድ

ደሴ፦ በጦሳ ተራራ ሥር ብርዱ ሲበረታና ከውጭ የጅብ ድምፅ ሲሰማ፣ ልጆች እሳት ዳር ተሰብስበው የአያ ጅቦንና የጭራቅን ተረት ማዳመጣቸው በወሎ ቤቶች የቆየ ልማድ ነው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ሕፃን ቀጥሎ የሚመጣውን እየፈራም እየጓጓም ይጠብቃል።

በምዕራቡ ዓለም ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 21 ገደማ በሚውለው የሃሎዊን በዓል ወዳጆች አስፈሪ ጭንብል አጥልቀው፣ ልዩ ልዩ መጠጦችን ቀላቅለው ያመሻሉ። ልማዱ በፊልምና በማኅበራዊ ሚዲያ አማካኝነት ወደ ከተሞቻችን ወጣቶችም ደርሷል። ይሁን እንጂ በደሴና በኮምቦልቻ እንዲህ ያለ ምሽት ማሰናዳት የሚሻ ሰው ውድ ጠርሙስና የፕላስቲክ ጭንብል መግዛት አይጠበቅበትም። ጭራቁም መጠጡም ከቤት አለ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባልበት የብርድ ወቅት ደግሞ ለእሳት ዳር ጨዋታ የተመቸ ነው።

ጭራቁ ማን ነው?

በተረቶቻችን ጭራቅ ሰው የሚበላ፣ ጉልበቱ ከብልሃቱ የሚልቅ ፍጡር ነው። አያ ጅቦም ሆዳምና በቀላሉ የሚታለል ሆኖ ይሳላል። ሁለቱንም የሚረታቸው ብዙውን ጊዜ ደካማ የሚመስለው፣ ነገር ግን አስተዋዩ ነው። ስለዚህ ለተጋባዦች የሚሰጠው የቤት ሥራ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ከአያቱ ወይም ከእናቱ የሰማውን አንድ ተረት ይዞ ይምጣ። በተረቶቹ መካከል እንቆቅልሽ ይግባ፤ መልሱን ያጣም እንደ ደንቡ አገር ይስጥ።

መጠጡ እንዴት ይዘጋጃል?

የምሽቱ ዋና መጠጥ ቀሪቦ ሊሆን ይችላል። ገብሱ ተለቅሞ ወደ ጥቁርነት እስኪያደላ ይቆላል፤ ከተከካ በኋላ በውኃ በደንብ ይፈላል። ሲበርድ ተጠልሎ ስኳርና ጥቂት እርሾ ይጨመርበትና ተከድኖ ያድራል። መልኩ የጠቆረ፣ አረፋማ በመሆኑ «የጭራቅ መጠጥ» ለመባል የሚያንሰው የለም። ጌሾ ስለማይገባበትም ከጠላ ይለያል።

እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ጋዝ ይለውጠዋል። ቀሪቦ በቆየ ቁጥር አልኮሉ ስለሚጨምር ባደረ ማግሥት መጠጣት አለበት። ጋዙም ጠርሙስ ሊያፈነዳ ስለሚችል መክደኛው ጥብቅ መሆን የለበትም።

ሁለተኛው ብርዝ ነው። አንድ እጅ ማር በአራት ወይም በአምስት እጅ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይበጠበጣል። የቀይ ሥር ጭማቂ ጠብ ሲደረግበት ደም የመሰለ ቀለም ይይዛል። ማር ግን አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፤ በውስጡ ሊኖር የሚችል ረቂቅ ተሕዋስ ሕፃኑን ለከባድ ሕመም ሊዳርገው ይችላል።

ሦስተኛው ከጭማቂ ቤቶች የምናውቀው ስፕሪስ ነው። አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ በየተራ ሲደራረቡ አረንጓዴ፣ ቢጫና ብርቱካናማ መደብ ይሠራሉ። ፍራፍሬው ከመላጡ በፊት በንጹሕ ውኃ ይታጠብ።

አንድ ማዕድ፣ ልዩ ልዩ እንግዳ

ወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በጉርብትናና በዝምድና ተሳስሮ የሚኖርበት ምድር ነው። በአንድ ግብዣ አልኮል የማይቀምስም፣ ጾም የያዘም፣ ጠላ የሚወድም ይገናኛሉ። አስተናጋጁ አልኮል ያለበትን መጠጥ ለብቻው በተለየ ማንቆርቆሪያና ብርጭቆ ያቅርብ፤ በምን እንደተሠራም አስቀድሞ ይናገር። እርሾ የነካውን ሁሉ ለሚጠነቀቅ እንግዳ በዕለቱ የተበጠበጠ ብርዝና ጭማቂ ይዘጋጅለት። ሳያሳውቁ ቀላቅሎ ማቅረብ ቀልድ ሳይሆን እምነትን መድፈር ነው።

ምንጩ ያልታወቀ አረቄን በመጠጥ ውስጥ መቀላቀልም አደገኛ ነው። ሜታኖል የተባለው መርዛማ አልኮል በጣዕምም በሽታም ከተለመደው አልኮል አይለይም፤ ዓይን ያሳውራል፣ ሕይወትም ያጠፋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን እንደሚከለክልም መዘንጋት የለበትም።

ጭሱና አደጋው

ለአስፈሪነት ጭስ የሚፈልግ ሰው የእናቶችን ጥበብ ይጠቀም፤ ማንቆርቆሪያውን ወይም ማሰሮውን በወይራ ማጠን ነው። መጠጡም መልካም መዓዛ ያገኛል። ነገር ግን የደሴ ብርድ በር አዘግቶ ከሰል ሊያስገባ ይችላል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በታፈነ ክፍል የተቀመጠን ሰው በእንቅልፉ ይገድላል። እውነተኛው ጭራቅ እርሱ ነው። ስለዚህ ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠል፤ ቤት ውስጥ ካለ መስኮት ይከፈት፤ ከመኝታ በፊትም ይውጣ። ከእንግዶች አንዱ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው ወይም ካቅለሸለሸው ሁሉም ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ወጥተው ታማሚውን ወደ ጤና ተቋም ያድርሱ።

ጎረቤትን ጭራቅ አናድርግ

ተረት ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ ናቸው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» የሚለው ወሬ በእሳት ዳር ጨዋታ መካከል ሲገባ ይሰማል። በዚህ ወሬ የተነሣ ስንት ባለሙያ ከጋብቻና ከማኅበር ተገልሏል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ችግሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል።

ገበሬው የሚያርስበት ማረሻ፣ የሚያጭድበት ማጭድ የቀጥቃጩ እጅ ሥራ ነው። ጠላው የሚጠነሰስበት ጋን፣ እንጀራው የሚጋገርበት ምጣድ፣ በዚያ ምሽት ቡናው የሚፈላበት ጀበናም የሸክላ ሠሪዋ ነው። በእጇ ሥራ እየጠጡ እርሷን ጅብ ማለት ነውር ነው። እንዲህ ያለ ተረት ሲነሣ አስተናጋጁ ጨዋታውን ሳያደፈርስ «ይህኛው ተረት ሳይሆን ሐሜት ነው» ብሎ ወደ ሌላው ማለፍ ይችላል።

ጅቡ ራሱም ቢሆን ስሙ የከፋውን ያህል ጥቅም የሌለው አይደለም። ከብት ሲበላ ገበሬውን መጉዳቱ እውነት ነው፤ በረትን በጠንካራ አጥር ማጠር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። በሌላ በኩል የሞተ እንስሳን ከነአጥንቱ ጠርጎ በመብላት አካባቢን ያጸዳል።

ከግብዣው ማግሥት

የቀሪቦው ገብስና የጠላው አተላ አይደፋ። አተላ ለከብት ጥሩ ተጨማሪ መኖ ነው። ያልለመደ ከብት ግን በጥቂት በጥቂቱ ይጀምር፤ ከድርቆሽ ወይም ከገለባ ጋር ይሰጠው፤ የሻገተውም ይወገድ። የከተማው አስተናጋጅ ላም ባይኖረው፣ ላም ያለው ጎረቤት አያጣም።

ምሽቱ በአቦል፣ በቶናና በበረካ ቢጠናቀቅ እንግዳው ሞቆት፣ አእምሮውም ነቅቶ ወደ ቤቱ ይገባል። አልኮል የቀመሰ ግን ቡና ስለጠጣ ብቻ መሪ አይጨብጥ፤ ቡና እንቅልፍን እንጂ ስካርን አያባርርም። በተለይ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው ጠመዝማዛ መንገድ በሌሊት ፋታ አይሰጥምና፣ እንግዳውን አሳድሮ ጠዋት መሸኘት የወሎ ወግ ነው።